ከዝናብ በኋላ ዓሣው የት ገባ? ዲሲ ዙሪያ የጎርፍ ቱቦ አፍ ላይ ስለ ማጥመድ

ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ «ውሃው ደፍርሷል፣ ዛሬ ምንም አይያዝም» ብሎ መንጠቆውን የሚሰቅል ሰው ብዙ ነው። ግማሽ እውነት አለው። ፖቶማክ ማኪያቶ መስሎ ግንድ እየገፋ ሲወርድ መሀል ወንዝ ላይ መንጠቆ መወርወር ትል መጨረስ ነው። ግን ያው ዝናብ የከተማውን የጎርፍ ቱቦ በሙሉ ባንዴ ያስከፍታል። ከየሣሩ የታጠበ ትል፣ ጥንዚዛ፣ ከየቦዩ የተጠረገ ትንንሽ ዓሣ ሁሉ በዚያ በኩል ይወጣል። ምግብ የሚያመጣ አፍ ባለበት ደግሞ የሚጠብቅ ዓሣ አይጠፋም። ጥያቄው የትኛው ቱቦ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ጎኑ የሚለው ነው።

የምጽፈው ስለ ፖቶማክና ስለ አናኮስቲያ ነው፤ ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ብላደንስበርግ። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ላይ ማጥመድ የለመደ ሰው እዚህ ሲመጣ አንድ ነገር ያደናግረዋል። ውሃው ጨው የለውም፣ ወንዝ ነው፣ ግን ለባሕር ይታዘዛል። ከቼሳፒክ ቤይ የሚመጣው ታይድ እስከ ቼይን ብሪጅ አካባቢ ድረስ ይወጣል። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ልዩነቱ 3 ጫማ ገደማ ነው። ጠዋት የቆማችሁበት ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አናኮስቲያማ ዲሲ ውስጥ ከገባች በኋላ የራሷ ጉልበት ብዙም የላትም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወስዳት ታይዱ ነው።

ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ዝናብ እዚህ ከተማ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ በመጀመሪያ በቱቦ፣ ቀጥሎ በወንዝ።

ከተማው ላይ የወረደው ዝናብ ከጣሪያና ከአስፋልት ተንሸራቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይጎድላል። በዚያ ሰዓት ዋናው ወንዝ ገና አልደፈረሰም። ስለዚህ የቱቦው አፍ ላይ ቡናማ ውሃ ወጥቶ ከጠራው ወንዝ ጋር ሲገናኝ መስመር ይሠራል፤ ዳር ላይ ቆማችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ አንዳንዴም አረፋና ቅጠል ተሰልፎበት ይሄዳል። አዳኙ ዓሣ የሚቆመው ጥራቱ በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ድፍርሱ አዙሮ ነው። ከድፍርሱ ግራ ተጋብቶ የሚወጣውን ትንሽ ዓሣ እዚያው ይለቅመዋል።

ከዌስት ቨርጂኒያና ከሸናንዶአ በኩል ካሉት ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ዲሲ ለመድረስ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ፀሐይ ወጥቶ፣ አስፋልቱ ደርቆ፣ ሰው ሁሉ ብስክሌት ይዞ በወጣበት ቅዳሜ ወንዙ ጭቃ ይሆናል። የከተማው ትንንሽ ጅረትና ቱቦ ግን በዚያ ሰዓት ጠርቷል። አሁን ዓሣው ከጭቃው ሸሽቶ የጅረቱ አፍ ላይ ያለችውን ጥርት ያለች ውሃ ይፈልጋል። ቦታው ያው ቦታ ነው፤ የምትወረውሩበት ጎን ብቻ ይቀየራል።

በአጭሩ የሚፈለገው ሁለት ዓይነት ውሃ የሚገናኝበት መስመር ነው። ወንዙም ቱቦውም እኩል ከደፈረሱ ቤት መቀመጥ ይሻላል። ሁለቱም እኩል ከጠሩ ደግሞ የቱቦ አፍ ከሌላው ቦታ የሚለይበት ብዙ ምክንያት የለም።

ወንዙ የት እንደደረሰ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሊትል ፎልስ ላይ የፖቶማክን ከፍታ የሚለካበት ጣቢያ አለው፤ ስልካችሁ ላይ ቁጥሩ በየጊዜው ይታደሳል። ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅመው አቅጣጫው ነው። እየጨመረ ከሆነ ጭቃው ገና እየመጣ ነው፤ መውረድ ከጀመረ የጅረት አፎች ጥሩ የሚሆኑበት ጊዜ ደርሷል። እኔ 5 ጫማ ካለፈ ዋናውን ወንዝ ጨርሶ እተወዋለሁ።

ዝናቡ ገና እየወረደ ሳለ ጃንጥላ ይዞ መሮጥ ጥቅም የለውም። ቱቦው መጀመሪያ የሚተፋው የአስፋልት ዘይት፣ የሲጋራ ቁራጭና የውሻ ኩስ ነው። በሐምሌ ሙቀት ደግሞ ከጋለ አስፋልት ላይ የታጠበው ውሃ ራሱ ይሞቃል፣ ኦክስጅኑም ትንሽ ነው፤ ዓሣው ከአካባቢው ዘወር ይላል። በተለይ አናኮስቲያ በበጋ ዝናብ ማግስት ኦክስጅን ሲያንሳት ዓሣ እስከመሞት ይደርሳል። ጎርፉ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ቆሻሻው አልፎ፣ ውሃው የሻይ ቀለም ሲይዝ ነው የመወርወሪያ ሰዓቱ። ለስለስ ያለ የግማሽ ቀን ዝናብ ከሆነ ሦስት አራት ሰዓት ይበቃል። ዶፍ ከነበረ እስከ ማግስቱ ጠብቁ።

ሁሉም ቱቦ አንድ አይደለም

ይሄን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ፤ የጤና ጉዳይ ነው።

ከዲሲ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው፣ በተለይ አሮጌው የከተማው ክፍል፣ የዝናብ ውሃና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ የሚሄድበት ነው። ሲደርቅ ችግር የለውም፤ ሁሉም ወደ ብሉ ፕሌንስ ማጣሪያ ይሄዳል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን ቱቦው አይችለውም፣ የተቀላቀለው በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይደፋል። በአናኮስቲያ በኩል ይሄን ለመያዝ ከመሬት በታች ትልቅ ዋሻ ተሠርቷል፤ የመጀመሪያው ክፍል በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፣ የመጨረሻው በ2023 ተጠናቀቀ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ አናኮስቲያ የሚደፋው በጣም ቀንሷል። በፖቶማክና በሮክ ክሪክ በኩል ግን ነገሩ በዚያ ልክ አልተሻሻለም። አሌክሳንድሪያም አሮጌው ከተማ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አራት የመደፊያ ቦታዎች ነበሯት፤ ፔንድልተን ስትሪት፣ ዱክ ስትሪት፣ ሮያል ስትሪትና ሁፍስ ረን።

እንዴት ይለያል? በምልክት። የተቀላቀለ ፍሳሽ የሚወጣበት አፍ አጠገብ ቁጥር ያለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተክሏል። በዲሲ በኩል አንዳንድ ቦታ የመብራት ምልክትም አለ፤ ቀይ ከበራ ፍሳሹ እየወጣ ነው፣ ቢጫ ከበራ ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ወጥቷል። ሰሌዳ ያለበትን አፍ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሦስት ቀን አልጠጋውም። «እኔ ውሃው ውስጥ አልገባም፣ መንጠቆ ነው የምጥለው» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ክሩን በጣትህ ይዘህ፣ ዓሣውን በእጅህ ፈትተህ፣ ከዚያ ሳምቡሳ ትበላለህ። ዲሲ ውስጥ ወንዙ ውስጥ መዋኘት ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለው ዝም ብሎ አይደለም።

ሰሌዳ የሌለው፣ ከመኖሪያ ሰፈር፣ ከፓርክ ወይም ከጎልፍ ሜዳ በኩል የሚመጣ የዝናብ ውሃ ብቻ የሚያወርድ ቱቦ ነው የምንፈልገው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ላዩ ጅረት ሆኖ ታቹ ላይ ብቻ ቱቦ ውስጥ የሚገባው ነው፤ ትልም የሚያመጣ፣ ቶሎም የሚጠራ እሱ ነው።

ቦታ የሚፈለገው በደረቅ ቀን ነው

ከዝናብ በኋላ ወጥታችሁ ቦታ መፈለግ ከጀመራችሁ ጊዜው አለፈ። ፍለጋው ቀደም ብሎ፣ ውሃው በጣም በጎደለበት ሰዓት መደረግ አለበት። መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ዳርቻውን ቀስ ብላችሁ ተከተሉ። የሲሚንቶ ግንብ ድንገት የሚታጠፍበት፣ ዛፍ ተሰልፎ መጥቶ ወንዙ ጋ የሚቋረጥበት፣ ውሃው ውስጥ ነጣ ያለ የአሸዋ ቦታ የሚታይበት፣ እነዚህ ሁሉ ቱቦ ወይም ጅረት አለ ማለት ናቸው። ዲሲ ብዙ ጅረቷን ከመሬት በታች ቀብራለች። የድሮው ታይበር ክሪክ ዛሬ ኮንስቲቲዩሽን አቨኑ ስር ነው። ካርታ ላይ ወንዝ የማይታይበት ቦታ ላይ ውሃ ሲወጣ ብታዩ አይግረማችሁ።

ከዚያ በእግር ሂዱ። ታይዱን የሚያሳይ ማንኛውም አፕ ላይ ዋሽንግተን ዲሲ የሚለውን ጣቢያ ምረጡ፤ አሌክሳንድሪያ ትንሽ ቀደም ይላል፣ ብላደንስበርግ ትንሽ ይዘገያል። አንድ ጥሩ ቀን አለ፤ ዝናብ ይዞ የመጣው ደመና አልፎ ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ። ነፋሱ ውሃውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ አፑ ከሚለው በላይ ይጎድላል፣ ዓመቱን ሙሉ ተሸፍኖ የሚኖረው ሁሉ ይገለጣል። ፎቶ አንሱ። ቦታውን ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ።

አንድ የቱቦ አፍ ባዶውን ስታገኙ ምን ታያላችሁ? ሲሚንቶው ላይ አረንጓዴ መስመር አለ፤ ታይዱ የሚሞላው እስከዚያ ነው። ከከንፈሩ ስር ውሃው እየወደቀ የቆፈረው ጉድጓድ አለ፣ ጠቆር ብሎ ይታያል። ከጉድጓዱ ቀጥሎ ጎርፉ ያወረደው ጠጠር፣ አሸዋ፣ የጠርሙስ ስባሪ በግማሽ ክብ ተከምሯል። በክምሩ አንደኛው ጎን፣ ብዙ ጊዜ በወንዙ ታችኛው በኩል፣ ውሃው የጠረገው ቦይ ታገኛላችሁ። ክምሩ ሲያልቅ ደግሞ መሬቱ ድንገት ይጠልቃል። ዱላ ወይም ረጅም ዘንግ ካላችሁ ጫፉን ለኩት፤ ከጉልበት ተነስቶ ደረት የሚደርስ ከሆነ ቦታ አገኛችሁ። ጫፉ የማይጠልቅ፣ ጭቃው ዝም ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ዝናብ ቢዘንብም ብዙ አትጠብቁ።

ሌላው ምልክት ሽመላ ነው። ረጅም እግሯን ተክላ የቱቦ አፍ ላይ የምትቆም ሽመላ ለጉብኝት አልመጣችም።

ታይዱና ቱቦው

ታይዱ እየሞላ ሲመጣ ወንዙ ወደ ቱቦው ይገፋል። የቱቦው ውሃ መውጫ ያጣል፣ መስመሩ ይጠፋል፣ ዓሣውም ይበተናል። አንዳንዱ ቱቦ አፉ ላይ የብረት ክዳን አለው፤ ወንዙ ሲሞላ ክዳኑ ይገጥማል፣ ጎርፉ ውስጥ ይጠራቀማል። ታይዱ መጉደል ሲጀምር ክዳኑ ይላላና የተጠራቀመው ይለቀቃል። ዝናቡ ካቆመ ሰዓታት አልፎት እንኳ ቱቦው እንደገና «መዝነብ» የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዝናቡ ያቆመበትንና ታይዱ መጉደል የሚጀምርበትን ሰዓት አጋጥሙ። ለእኔ ከሙላቱ በኋላ ያሉት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ከሁሉ ይሻላሉ። ኡበር የሚነዳ ወይም የማታ ሥራ ያለው ሰው ይሄ ያመቸዋል፤ ሌሊት ለማለዳ የሚጎድል ታይድ ከዝናብ ማግስት ጋር ከተገጣጠመ ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ማጥመድ ይበቃል። ብቻ ፓርኩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ መጀመሪያ እዩ።

ስትቆሙ ቱቦው ራስ ላይ አትውጡ። ጥላችሁም ድምፃችሁም ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ራቅ ብላችሁ፣ ከቱቦው በወንዙ ታችኛው በኩል ሃያ ሠላሳ እርምጃ ላይ ቁሙ። ድፍርሱ ውስጥ ወርውሩና ውሃው ራሱ ወደ ጥራቱ እንዲያወጣው ተዉት። ማስመጫው (መንጠቆውን የሚያሰምጠው ክብደት) ቀላል ይሁን፤ መንጠቆው እየተንከባለለ መሄድ አለበት እንጂ መልሕቅ መጣል የለበትም። ባስና ፐርች የሚባሉት ዓሦች የሚመቱት መንጠቆው መስመሩን ሲያቋርጥ ነው። ካትፊሽ ከፈለጋችሁ ግን ከበድ ያለ ማስመጫ አድርጋችሁ የጠጠሩ ክምር የሚያልቅበት ጫፍ ላይ አስቀምጡትና ጠብቁ። ወንዙ በደፈረሰበት በሁለተኛው ዕድል ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ጥርት ያለችው ውሃ ውስጥ፣ ጭቃው ድንበር አጠገብ፣ ቀስ ብሎ የሚሳብ ነገር ይሁን።

ምን ይያዛል፣ በምን ይያዛል

አብዛኛውን ጊዜ ብሉ ካትፊሽ። የአገራችን አምባዛ ዘመድ ነው ብላችሁ አስቡት፣ ብቻ በጣም ይገዝፋል። የዚህ ወንዝ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ለስፖርት ተብሎ ተለቀቀ፣ ከዚያ ቼሳፒክን አጥለቀለቀ። ባለሥልጣናቱ ያዙ፣ ብሉ፣ አትመልሱ ነው የሚሉት። የተቆረጠ ዓሣ ከሁሉ ይበልጥ ይወዳል። የዶሮ ጉበትም ይሠራል፣ ግን አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ከወረወራችሁት መንጠቆው ባዶውን ይበራል፤ በቀጭን ክር ጠምጥሙት። ክንፉ ላይና ጀርባው ላይ ያለው እሾህ እጅ ይበሳል፣ ተጠንቀቁ።

ዋይት ፐርች በሚያዝያና በግንቦት በብዛት ይወጣል። ለልጆች እሱን የሚያህል የለም፤ ትንሽ መንጠቆ፣ ቁራጭ የምድር ትል፣ አለቀ። በዚያው ወቅት ሻድና ሄሪንግ ለመራባት ከባሕር ይመጣሉ፤ እነሱን መያዝና ወደ ቤት መውሰድ አይፈቀድም፣ ቢገጥማችሁ ወዲያው መልሱ። ስትራይፕድ ባስ የራሱ ወቅትና የመጠን ሕግ አለው፤ ሕጉ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ከዚያ ደግሞ ስኔክሄድ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት አባቶች ይሄን ሳያዩ አይቀሩም። ራሱ የእባብ፣ ሰውነቱ እንደ ዘንዶ የተጠቃጠቀ፣ ጥርሱ የሚያስፈራ። በ2002 እ.ኤ.አ. ክሮፍተን፣ ሜሪላንድ አንድ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ ጉድ ተባለ፣ በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ታየ፣ አሁን ቤቱ አድርጎታል። ሞቅ ባለ ጊዜ ሣር የበዛበት የጅረት አፍ ላይ ይገኛል። በሕይወት እያለ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ እዚያው ግደሉት። ሥጋው ግን ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ ለጥብስ የተፈጠረ ነው።

የት እንጀምር?

ታይዳል ቤዝን። ይሄ ትልቁ «ቱቦ» ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሠራ ዓላማው ዋሽንግተን ቻናልን ማጠብ ነበር። ታይዱ ሲሞላ በፖቶማክ በኩል ያለው በር ተከፍቶ ውሃ ያስገባል፤ ሲጎድል ያ ይዘጋና በቻናሉ በኩል ያለው ተከፍቶ ይለቀዋል። ማለት ዝናብ ባይኖርም እንኳ በየጉድለቱ የሚፈስ ውሃ አለ። ወንዙ በደፈረሰ ጊዜ ቻናሉ ብዙ ጊዜ ከዋናው ፖቶማክ ይጠራል፤ የመውጫው በር አካባቢና ከዚያ ወደ ሄይንስ ፖይንት የሚወስደው የቻናሉ ዳር ጥሩ መጀመሪያ ነው። የግንቡ የተወሰነ ክፍል ሰምጦ ስለነበር በ2024 እ.ኤ.አ. ጥገና ተጀምሯል፤ የታጠረ ቦታ ካለ አትዝለሉ። የቼሪ አበባ ሰሞን ደግሞ እርሱት፣ መኪና ማቆሚያ ስትፈልጉ ታይዱ ይመለሳል።

ፎር ማይል ረን። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያን እየከፈለ መጥቶ ከሬገን አየር ማረፊያ በታች ፖቶማክ ይገባል። ዳሩን ይዞ የእግር መንገድ ስላለው ለአዲስ ሰው ይመቻል። ከአስፋልት የሚመጣ ውሃ ስለሚበዛበት ዶፍ ሲሆን በጣም በፍጥነት ይሞላል፣ በዚያው ፍጥነት ይጠራል። ለሁለተኛው ዕድል፣ ማለትም ወንዙ ጭቃ ሆኖ ጅረቱ ሲጠራ፣ ከዚህ የተሻለ የማውቀው ቦታ ጥቂት ነው። የአርሊንግተን የፍሳሽ ማጣሪያ የታከመ ውሃውን እዚሁ ላይ ስለሚለቅ በብርዱ ወራት ውሃው ከወንዙ ሞቅ ይላል፤ ዓሣውም ይሄን ያውቃል።

ጆንስ ፖይንት፣ አሌክሳንድሪያ። ከዊልሰን ድልድይ ስር ነው፣ ለማጥመጃ የተሠራ መቆሚያ አለው፣ ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። አጠገቡ ያለው ሀንቲንግ ክሪክ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ታይዱ ሲጎድል ውሃው ሁሉ ወደ አፉ ይጠባል። ግን የሮያል ስትሪቱ መደፊያ ወደዚያ በኩል ስለሆነ ከዶፍ በኋላ ቀን አሳልፉ።

ብላደንስበርግ ዋተርፍሮንት ፓርክ ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ የአናኮስቲያ ሁለት ቅርንጫፎች የሚገናኙበት አጠገብ። ጸጥ ያለ ነው፣ ለካትፊሽ ጥሩ ነው። ከእሱ በታች ዲሲ ውስጥ እንደ ዋትስ ብራንች ያሉ ጅረቶች በኬኒልወርዝ በኩል ይገባሉ፤ የወንዙን የእግር መንገድ ተከትላችሁ ራሳችሁ ፈልጓቸው።

ጆርጅታውን ያለው የሮክ ክሪክ አፍ በፎቶ ያምራል። ከዝናብ በኋላ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ።

ፈቃድና ጥንቃቄ

16 ዓመት ከሞላችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በስልክ ይገዛል። ሰው የሚቀጣበት ቦታ ድንበሩ ነው። ግራቬሊ ፖይንት ቨርጂኒያ ውስጥ ቆማችሁ አውሮፕላን ራሳችሁ ላይ እያለፈ የምትወረውሩበት ፖቶማክ የዲሲ ነው፤ የዲሲ ፈቃድ ይፈልጋል። ብላደንስበርግ የሜሪላንድ ነው። ፎር ማይል ረን ውስጥ ገባ ካላችሁ ቨርጂኒያ ናችሁ።

ቱቦ ውስጥ አትግቡ፣ ልጅም አታስገቡ። ሰማዩ እናንተ ጋ ጠርቶ ላይ ሰፈር እየዘነበ ከሆነ ውሃው ሳይነግር ይመጣል። መብረቅ ከተሰማ ዘንጉን አስቀምጣችሁ መኪና ውስጥ ግቡ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ሸርተቴ ጫማ አይሆንም። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ፣ የሚጠጣ ውሃና ሳሙና መኪና ውስጥ ይኑር።

መብላቱስ?

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ። የዚህ ወንዝ ክርክር ሌላ ነው። ጭቃው ውስጥ ፒሲቢ የሚባል የድሮ የኢንዱስትሪ ኬሚካል አለ፣ በዓሣው ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እሳት አያጠፋውም። የዲሲ መንግሥት የትኛው ዓሣ በወር ስንቴ እንደሚበላ ዝርዝር ያወጣል፤ አንብቡት። ካርፕና ኢል ጨርሶ አይበሉም። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ጠበቅ ማድረግ ነው።

ትልቁን ሳይሆን ትንሹን ብሉ፤ ትልቅ ካትፊሽ ብዙ ዓመት ሲያጠራቅም የኖረ ነው፣ ፎቶ አንስታችሁ ልታሳዩት ትችላላችሁ፣ ለድስት ግን አይሆንም። ቆዳውን ግፈፉ፣ የሆዱን ስብና ጎኑ ላይ ያለውን ቀላ ያለ ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ። አሠራሩም ለውጥ ያመጣል። ዓሣ ወጥ ስትሠሩ ስቡ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ በእንጀራ ትጠርጉታላችሁ። ፍርግርግ ላይ ጠብሳችሁ ስቡ እንዲንጠባጠብ ብታደርጉ ይሻላል። የሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ ትዝ ብሏችሁ እዚህ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ተዉት።

ጭንቅላቱንና አንጀቱን ዳር ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ቤት ወስዳችሁ በፕላስቲክ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡትና የቆሻሻ መኪናው በሚመጣበት ቀን ማለዳ አውጡት። በነሐሴ ሙቀት ሁለት ቀን በርሜል ውስጥ ካደረ አፓርታማው በሙሉ ዓሣ መያዛችሁን ያውቃል።